የለቀማ ወቅት ተረኛ

በኅዳር ከጅማ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ ከአስፋልቱ ይልቅ ግራና ቀኙ ላይ ይውላል። ከዋንዛው፣ ከሳሳውና ከብርብራው ጥላ ሥር ቡናው ቀልቷል፤ ማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ እሸት ቡና የጫኑ መኪኖች ተራ ይጠብቃሉ፤ በየግቢው በተተከለው ማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል ይገላበጣል። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእነዚህ ሳምንታት ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ብር ይመላለስበታል። ዕዳ የሚከፈለው፣ ሠርግ የሚቆረጠው፣ ቤት ቆርቆሮ የሚለብሰው አሁን ነው።

ወቅቱ የወባም ነው። ክረምቱ ሲወጣ በየጎድጓዳው ያቆረው ውኃ ትንኝ ያፈላል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትኩሳቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ለቀማውም የሚውለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ የቡና ከተማ ጤና ጣቢያ በየትኛው ወር እንደሚጨናነቅ ለማወቅ ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም፤ የቡና ነጋዴ ያውቀዋል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ያሉት አግዳሚዎች ይሞላሉ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ አለ፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያዘለች አለች፤ ለእርግዝና ክትትል የመጣች፣ ዓይኑን የቡና ቅርንጫፍ የወጋው፣ ቁስሉን ሊያስጠርግ በትር ተደግፎ የመጣ አለ። ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የወባ ፈጣን መመርመሪያ የያዘ ካርቶን፣ ከመገለጥ ብዛት ጠርዙ ያለቀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ነርስ። ስሟን የማልጽፈው ልደብቃት ብዬ አይደለም፤ አንዲት ስላልሆነች ነው። አጋሮ ብትሉ፣ የቡ ብትሉ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰርቦ፣ ሰቃ፣ ጪራ ብትሉ ታገኟታላችሁ። ወንድ ነርስም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የገጠሩ በሽተኛ «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል፣ እሱም ማረም ከተወ ቆይቷል። እሷን ግን «ሲስተር» ነው የሚሏት።

«ኤሳቱ ኢሲን ዱኩባ?» ብላ ትጀምራለች፤ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? አፏን የፈታችው በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ይህችን ጥያቄ ሳታውቅ በጅማ ዞን አንድ ቀን አትውልም። በሽተኛው ለለቀማ ከዳውሮ ወይም ከከምባታ የመጣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ከአግዳሚው ላይ አስተርጓሚ ይጠራል፤ የሆድ ሕመሙንና የሽንቱን ነገር የማያውቀው ሰው እየሰማ ያወራዋል። ምስጢር ጠባቂነት በክፍል ውስጥ የተማረችው ነው፤ እዚህ የምታደርገው ድምፅ መቀነስና አስተርጓሚውን በዓይኗ መገሠጽ ነው።

ጣት ትወጋለች፤ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ታደርጋለች፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይጠበቃል። መስመሩ የሚነግራት ሁለት ነገር ነው፦ ወባ ነው ወይ፣ ከሆነስ የትኛው? ፋልሲፓረም ከሆነ ለአዋቂ ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ አራት አራት፣ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ 24 ፍሬ። የመጀመሪያውን እዚያው ፊቷ ታስውጠዋለች፤ ምግብ በልቶ፣ ቅባት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ቫይቫክስ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል፤ ይኼኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። እሱን ከሥሩ ለመንቀል ከክሎሮኪኑ በተጨማሪ ፕሪማኪን ለ14 ቀን መዋጥ አለበት።

እዚህ ላይ ነው የሕክምና መመሪያውና የቡናው ማሳ የሚጋጩት። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው፤ ያልለቀመበት ቀን ብር የለውም። ትኩሳቱ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሲበርድለት የመዳን ምልክት አየሁ ብሎ ኪኒኑን ኪሱ ይከትና ቅርጫቱን ያነሳል። 14 ቀን ሳይሞላም ሌላ ማሳ፣ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። መመሪያው ላይ «በሽተኛውን ያማክሩ» ይላል። ነርሷ ግን ካቦውን አስጠርታ ማስጠንቀቅ፣ ለለቃሚዎቹ የምታበስለውን ሴት ፈልጎ «ከምሳ ጋር አውጪለት» ማለት፣ ኪኒኑን በወረቀት በየቀኑ ለይቶ መጠቅለል እንዳለባት ታውቃለች። ይህን ኮሌጅ አላስተማራትም።

የወባው ነገር የአንድ ወረዳ ጣጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው ኦሮሚያ ነበረች። ከሚሊዮኖቹ ብዙዎቹ ጣታቸውን ያስወጉት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከነርስ ፊት ተቀምጠው ነው። አኃዙን ወደ ላይ የላኩትም የነዚሁ ሰዎች መዝገቦች ናቸው፤ ማታ፣ ሰው ሲያልቅ፣ እጅ ሲደክም የሚሞሉ።

ቀጥሎ የገባችው እናት ልጇ ሳል ይዞታል። ነርሷ ስቴቶስኮፕ አታነሳም፤ መጀመሪያ እናቲቱን ጡት እንድታጠባው ትጠይቃታለች። ልጁ ዝም ሲል ልብሱን ገልጣ ሰዓቷን ዓይታ አንድ ደቂቃ ሙሉ የደረቱን መነሳትና መውደቅ ትቆጥራለች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያጓጓል፤ ግን የሕፃን አተነፋፈስ ወጥ አይደለም፣ ያሳስታል። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። አዋቂ ዶክተር በጆሮው የሚለየውን እሷ በቁጥር ትለየዋለች፤ ዘዴው የወጣውም እንደሷ ላለ ባለሙያ ታስቦ ነው። በዚያች ደቂቃ ከበሩ ውጭ አሥር ሰው «ሲስተር!» ይላል። ለእኔ የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል መርፌው ሳይሆን ያቺን ደቂቃ አለማሳጠር ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጤና ጣቢያው ውስጥ ዶክተር የለም። ሥርዓቱ የተሠራው እንዲህ ነው፦ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል ሕዝብ ይቆማል፤ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች አሉ፤ ውስጡ ጤና መኮንን፣ ነርሶች፣ አዋላጅ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ባለሙያ ይኖሩታል። ዶክተሩ የሚገኘው ከዚያ በላይ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ጤና መኮንኑ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ሲሄድ፣ ይህም ብዙ ጊዜ ነው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በነርሷ እጅ ይወድቃል። እሷም በብዛት ዲፕሎማ ናት፤ በድሮው አጠራር ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት፣ «10+3»፤ በኋላኛው አጠራር ደረጃ 4። ተምራ ስትጨርስ የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተፈትና ማለፍ፣ ከዚያ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለባት።

በአሜሪካ ከዚህች ነርስ ጋር የሚቀራረበው ባለሙያ «ኤልፒኤን» ይባላል፤ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ «ኤልቪኤን»። ሥልጠናው ዓመት ገደማ ነው፤ ፈተናው ኤንክሌክስ ፒኤን ነው፤ ሥራው በተመዘገበች ነርስ ወይም በሐኪም ሥር ሆኖ መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል ማጠብ፣ ሙቀትና ግፊት መለካት፣ መመዝገብ ነው። በብዙ ግዛቶች አዲስ የገባን በሽተኛ መጀመሪያ መርምራ የእንክብካቤ ዕቅድ የምታወጣው የተመዘገበችዋ ነርስ ናት፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም በየግዛቱ የተለያየ ገደብ አለው። አሁን ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያሉ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ገብታችሁ ከሆነ የሀበሻ ልጆችን በየመተላለፊያው አግኝታችኋል። ከእነሱ መካከል ሀገር ቤት ሳለች አምጣ የደከመች እናት ለብቻዋ ያዋለደች፣ ራሱን የሳተ የወባ በሽተኛ በአርተሱኔት ያስነሳች አለች፤ እዚያ ግን ወረቀቷ እስኪጣራና ፈተናውን እስክታልፍ ረዳት ሆና አንሶላ ትቀይራለች። ፈቃዷን ስታገኝም እዚህ በየቀኑ ታደርገው ከነበረው ግማሹን ማድረግ አይፈቀድላትም። ጨካኝ ሕግ ነው ልል አይደለም፤ ከኋላዋ የሚቆም ሰው ያለበት ሀገር ሕግ ነው። የኛ ነርስ ሥራዋ የሰፋው ሕግ አስፍቶላት ሳይሆን ከኋላዋ የሚቆም ሰው ስለጠፋ ነው።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። የሀገራችን የነርስነት ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት ልዕልት ፀሐይ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። በጣሊያን ወረራ በተሰደዱበት ዘመን ለንደን በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመታቸው አረፉ። በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፍቶ ነርሶችን አሠለጠነ። ግን በዚያው ዘመን በየአውራጃው ሕዝቡን ያከመው በአብዛኛው ዲፕሎማ የጨበጠ ነርስ አልነበረም፤ ድሬሰር ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሮ ወደ ክሊኒክ የሚላክ ሰው ነው። ብዙ የገጠር ሰው ሐኪም ሲል ያሰበው እሱን ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን ማሠልጠን ጀመረ፤ አንዱ ምክንያት ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያ የባሰ መጣ፤ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የተነሳው ወባ 3 ሚሊዮን ሰው ይዞ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። ዶክተር በጣት የሚቆጠርበት ሀገር ይህን በዶክተር መቋቋም እንደማይችል ያኔ ግልጽ ሆነ። ጤና ረዳት መጣ፤ በደርግ ዘመን የጤና ጣቢያው ምሰሶ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው የጤና ፖሊሲ በኋላ ጤና ረዳት ማሠልጠን ቀረ፤ ጁኒየር ነርስ መጣ፤ እሱም አለፈ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ተጀምሮ ከ30,000 በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሰማሩ። በጤና ጣቢያው ደግሞ ዲፕሎማ ነርስ መጣ፤ ከዚያ ደረጃ 4 ተባለ።

እኔ ከዚህ ሰንሰለት የማነበው አንድ ነገር ነው። ሀገሪቱ ቶሎ ብዙ እጅ ሲያስፈልጋት መካከለኛ ባለሙያ ታበጃለች፤ ባለሙያው ሥራውን ሲለምድና ቁጥሩ ሲበዛ «ለጊዜው ነበር» ብላ ታፍርበትና ሌላ ስም ያለው ሌላ መካከለኛ ታበጃለች። ይህ «ለጊዜው» ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሕመሙም የኛ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛ ደረጃ የነርሶች መዝገብ በሕግ ከፈተች፤ በ1990ዎቹ ሥልጠናውን አቆመች፤ ነርስ ሲያጥራት በ2019 በእንግሊዝ ግዛቷ «ነርሲንግ አሶሲዬት» በሚል አዲስ ስም መካከለኛውን መልሳ አስገባች።

ጅማ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ሆስፒታሉን መጀመሪያ የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ በ1930 ዓ.ም.፣ ለወታደሮቻቸው። ወራሪው ሲወጣ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ፤ በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ሆነ፤ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ የደቡብ ምዕራቡ 15 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሪፈር ሲጻፍለት ለረዥም ዘመን የሚያየው ይህንኑ ነበር። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ይዞት የተነሳው ሐሳብ ተማሪው ከሆስፒታል ግድግዳ ወጥቶ ከኅብረተሰቡ ጋር ይማር የሚል ነው፤ ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ያንኑ ይዞ ቀጠለ። የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይላካሉ። እዚያ ሲደርሱ ዶክተር ለመሆን የመጣው ልጅ ካኑላ ማስገባት፣ የተቆጣ አስታማሚ ማብረድ፣ ያለ መብራት ማዋለድ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ከዲፕሎማ ነርሷ ነው። የምረቃው መጽሔት ላይ መምህር ተብላ አትጻፍም።

ነርሷ ራሷን ችላ ልትሠራ እንደምትችል በተግባር ካሳዩት ቦታዎች አንዱ ይኸው የጅማ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዮሴፍ ማሞና ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብና የአስም ሕሙማን ለአንድ ወር መድኃኒት ብለው ከሩቅ ገጠር ጅማ ድረስ ይመጣሉ። ገንዘቡ ሲያልቅ ወይም ለቀማው ሲደርስ ይቀራሉ፤ ሲመለሱ ብሶባቸው ነው። ብሪታንያዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ፣ በአዲስ አበባ ያስተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቋቋሙት የሐሩር አካባቢ ጤናና ትምህርት ድርጅት በኩል ከሳውዝሃምፕተን ባለሙያዎች ጋር ሆነው በጅማም በጎንደርም ተመሳሳይ መንገድ ያዙ። የጤና ጣቢያ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠለጠኑ፤ ሕሙማኑን ወደ ቤታቸው ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ መለሱ፤ ሐኪሙ እየዞረ ይከታተላል። የጅማው ልምድ በ2007 እ.ኤ.አ. «ክሊኒካል ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ለሌሎች ሀገሮች ምሳሌ ተብሎ ቀርቧል።

የሚጥል በሽታ ያለባትን አንዲት የገጠር ልጅ አስቡ። እሳት ላይ ወድቃ የተቃጠለች፣ ትምህርት ቤት የቀረች፣ ጠበል የተመላለሰች ወይም ሼኽ ዘንድ የተወሰደች። መድኃኒቷ ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ። የጎደለው በየወሩ ሳያቋርጥ የሚሰጥና በስሟ የሚጠራት ሰው ነበር። የሪህ የልብ ሕመም ያለበትም ልጅ እንደዚያው ነው፤ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን መወጋት አለበት፤ ለዓመታት። መርፌው ያማል፤ አልፎ አልፎ አለርጂ አለው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ባለሙያ ይፈራዋል። ልጁ ቀጠሮውን የሚያከብረው የምትወጋው እጅ ስለምትቀልለው ነው። ይህ በጥናት ሰንጠረዥ ላይ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ እናቶቹ ግን «የዚያችኛዋ እጅ ጥሩ ነው» ብለው ተራቸውን ሲለዋወጡ ታዩታላችሁ።

ሁሉም የተሞከረ ነገር ይሳካል ማለት አይደለም። በዚሁ በጅማ ዞን፣ በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶችን አሻሽሎና የአካባቢ መሪዎችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ የሚወልዱ እናቶችን ቁጥር ለመጨመር ሰፊ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እርግጠኛ የሚያሰኝ ልዩነት አላሳየም። ለእኔ አይገርመኝም። ማቆያው አልጋ፣ ማብሰያ፣ ፍራሽ ሊኖረው ይችላል፤ የመውለጃ ቀኗ ከለቀማ ጋር የገጠመባት ሴት ግን ቤቷ የተሰጣ ቡና፣ የሚጠበቅ ልጅ፣ የሚበላ ሠራተኛ አለባት። ሳምንት ሙሉ ማቆያ ውስጥ ተኝታ ምጥ መጠበቅ ለእሷ ቅንጦት ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የእርግዝና ክትትሉን የምታደርገው ነርስ ወይም አዋላጅ ናት።

ስለ ቡናና በሽታ ካነሳን አንድ መጨመር አለብኝ። በዚህ አካባቢ ፈጣን ወንዞች ዳር የምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች፤ ንክሻዋ ኦንኮሰርካይሲስ ያመጣል፣ ዓይን የሚያጠፋውን በሽታ። በደቡብ ምዕራባችን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ቆዳን ነው፤ ሰው እስኪደማ ያክካል፣ ሌሊት አይተኛም። ጣሊያኖች በከፋ ምድር በሽታውን የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ዛሬ መድኃኒቱ አይቨርመክቲን በዘመቻ ይታደላል፤ አምራቹ ሜርክ በ1987 እ.ኤ.አ. በነጻ ለመስጠት ቃል ከገባ ወዲህ አልተቋረጠም። እደላው የሚመጠነው በቁመት ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም፤ ምልክት ያለበት ረዥም እንጨት ይበቃል። የዘመቻው ሳምንት ሲደርስ ነርሷ ከተመላላሽ ክፍሉ ተነስታ ቆጣሪ፣ አስተባባሪ፣ ሪፖርት ጸሐፊ ትሆናለች። ተመላላሽ ክፍሉን ማን እንደሚይዝ በዕቅዱ ላይ አይጻፍም።

ሆስፒታል ያለችዋ ሌላ ዓይነት ቀን አላት፤ በተለይ ሌላ ዓይነት ሌሊት። ዋርዱ ውስጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አልጋ ቆጥራ ትረከባለች፦ የስንተኛ ቁጥር አልጋ ምን ያዘው፣ የስንት ሰዓት መድኃኒት ቀረው፣ ማን ደም ይጠብቃል፣ የማን አስታማሚ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ሪፖርቱ ባጭሩ ይነገራል፤ ያልተነገረችው አንዲት ነገር ናት ሌሊት የምትፈነዳው። ግሉኮስ የተሰቀለለት በሽተኛ አለ፤ አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር በስምንት ሰዓት ይግባ ተብሎ ታዟል። ማሽን የለም፤ አንዱ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ይደርሳል፤ ሰዓቷን ከጠብታ ማያው ጎን ይዛ እየቆጠረች መቆጣጠሪያውን ትጠብቃለች ወይም ታላላለች። በሽተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ይቆማል፤ አስታማሚው «ቶሎ ይለቅለት» ብሎ ሲከፍተው ይፈሳል። ስለዚህ ትዞራለች።

ነርስና አስታማሚ የዚህ ሌሊት ሁለት ተረኞች ናቸው። ከሊሙ ወይም ከጌራ ታማሚ ይዞ የመጣ ወንድም መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል፤ ሽንት የሚያስወግደው፣ ሾርባ የሚያበላው፣ በሽተኛውን የሚያገላብጠው እሱ ነው። ነርሷ ብቻዋን ልትሠራው የማትችለው ሥራ በእሱ ትከሻ ይሸፈናል። አንዳንዴ ይጣላሉም፤ «መርፌው ዘገየ» ይላል፣ «ካርዱ ላይ አልታዘዘም» ትላለች፣ ትእዛዙን የጻፈው ሐኪም ሌላ ዋርድ ነው። የሐኪሙ ቁጣ፣ የአስታማሚው ቁጣ፣ የመድኃኒት ቤቱ «አልቋል» ሁሉም መጥተው የሚያርፉት እሷ ላይ ነው።

አደጋም አለው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የደከመ እጅ መርፌውን መልሶ ሊከድን ሲል ጣቱን ይወጋል። ከተወጋ በኋላ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ከሆነ ይሻላል፤ ከሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሦስት ዙር ክትባት ቀድሞ የወሰደ ይድናል። ያልወሰደ ባለሙያ ግን ብዙ ነው፤ ክትባቱን የሚሰጠው እጅ ራሱን መከተብ ይረሳል።

ደሞዙን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ በየሆስፒታሉ የጤና ባለሙያዎች የኑሮና የደሞዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል፤ ሀገሩ ሁሉ የሰማው ነው። በዚያን ጊዜ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ በብዛት የታየው የሐኪሞች ፊት ነበር። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ሐኪሙም ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ከደረጃው ሥር ያለችዋ ነርስ የቤት ኪራይ ከፍላ የቡና ነጋዴ ከተማ ውስጥ መኖር፣ በለቀማ ወቅት ዋጋው ከእጥፍ በላይ የሚንር ገበያ ላይ ሽንኩርት መግዛት አለባት። ቡና ሀብት ያመጣላት ከተማ ደሞዝተኛን አታውቅም።

ስለዚህ ትማራለች። ዲግሪ ማሻሻል የዲፕሎማ ነርስ ሁለተኛ ሥራዋ ነው፤ በማታ፣ በክረምት፣ ቅዳሜና እሑድ። ከዱቲ፣ ከተረኝነት፣ ወጥታ ሳትተኛ ክፍል ትገባለች፤ ክፍያውን ከዱቲ ገንዘብ ትቆጥባለች፤ የዱቲ ገንዘቡ ሲዘገይ የትምህርቱም ይዘገያል። መንግሥትም ነርስነት በዲግሪ ይሁን ማለቱ ትክክል ነው፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዲግሪ ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ፈቃድ ለማደስም ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል። ጥሩ ነው፤ በሽተኛው የሚገባው እሱ ነው። ችግሩ ዲግሪው ከቦታው ጋር አለመታሰሩ ነው። ስትመረቅ ያላት አማራጭ ወይ በዲፕሎማ መደብ ላይ በዲግሪ መቀመጥ፣ ወይ ዝውውር መጠየቅ ነው። መደቡ እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ አብሯት ቢያድግ፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ አንድ ክፍል ማደሪያ ቢኖራት፣ የዱቲው ብር በወሩ ቢደርስ፣ ጅማ ከተማ ለመግባት እንዲህ አትቸኩልም ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን ግን ቋንቋውን፣ የካቦዎቹን ስልክ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ስም፣ የትኛው መንደር በየትኛው ወር እንደሚታመም አጥርታ ባወቀች በአራተኛው በአምስተኛው ዓመቷ ትሄዳለች፤ ጥፋቷም አይደለም። በሳምንታት ውስጥ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ የሥራ መደብ፣ ክሊኒካል ነርስ፤ ደረጃ 4፤ ብዛት፣ አንድ፤ የሥራ ልምድ፣ 0 ዓመት።